ገጽ ሰማንያ ዘጠኝ

ሽበሺ መጽሐፍ የሚያነበው ሲጠርዝ ነው። ለመማር ብሎ አይደለም፤ ሥራው ስለሚያስገድደው ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል። እጥፎቹ በተራ ተደርድረው በክር ይሰፋሉ። አንዷ እጥፍ ቦታዋን ከሳተች መጽሐፉ አበቃለት። ስለዚህ ሽበሺ የአንዷን እጥፍ የመጨረሻ መስመር ያነባል፤ ቀጥሎ የሚቀጥለዋን እጥፍ የመጀመሪያ መስመር ያነባል። ሐሳቡ ከተያያዘ መርፌውን ያስገባል። ካልተያያዘ ያወጣና ይፈልጋል። አርባ ዓመት እንዲህ ሠርቷል። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማረም።

ይህ ዘዴ የኮሌጅ መምህራን የጻፉት መጽሐፍ ላይ ሲደርስ አልሠራ አለው። መጀመሪያ ሰሞን ጥፋቱ የራሱ ይመስለው ነበር። እጥፉን አውጥቶ፣ አገላብጦ፣ የገጹን ቁጥር ቆጥሮ ሲያየው ልክ ነው። እጥፉ ቦታው ላይ ነው፤ ቦታው ላይ ያልነበረው ጸሐፊው ነው። ከዚያ ወዲህ ለመምህራን መጽሐፍ ንባቡን ትቶ በገጽ ቁጥር ብቻ ይሄዳል።

ዶክተር ዮፍታሄ ፍላሽ ይዞ ከሀዋሳ ፒያሳ ወረድ ብሎ ሽበሺ ወደሚሠራበት ማተሚያ ቤት የመጣው የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። በአንገቱ ላይ የመታወቂያ ማንጠልጠያ አለ፤ እሑድም አያወልቀውም።

«የማዕረግ ኮሚቴው መጋቢት አጋማሽ ላይ ይሰበሰባል» አለ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት ለሙሉጌታ። «ከዚያ በፊት መመረቅ አለበት። አዳራሽ ይዣለሁ።»

ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን አንድ መጽሐፍ ጎድሎታል። ቤት የሚሠራ ሰው አንድ ቆርቆሮ ጎድሎት ሱቅ ለሱቅ እንደሚዞር፣ እሱም መጽሐፍ ፍለጋ ዞሮ አግኝቶ መጥቷል።

«ወረቀቱ ወፈር ይበል» አለ ወደ ሽበሺ ዞሮ። «ሽፋኑ ጠንካራ ይሁን። በኮላ የተለጠፈ አልፈልግም፣ በክር ይስፉልኝ። ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መጽሐፍ መምሰል አለበት።»

«መምሰሉ አያስቸግርም» አለ ሽበሺ።

ሙሉጌታ በዓይኑ ገሠጸው። ሽበሺ ወደ ክሩ ተመለሰ።

በዚያው ፍላሽ ላይ የሁለት ገምጋሚዎች ደብዳቤ አለ፤ እሱም እዚያው ታተመ። አንዱ ከአዲስ አበባ፣ ሌላው ከባሕር ማዶ የተጻፈ ነው ይላል። ሁለቱም በአንድ ቀን ተጽፈዋል። ሁለቱም ስለ ስምንተኛው ምዕራፍ ጥልቀት አድናቆታቸውን ይገልጻሉ። መጽሐፉ ያለው ሰባት ምዕራፍ ነው።

መቅድሙን የጻፈው የዶክተሩ አለቃ ፕሮፌሰር በላይነህ ነው። «ይህን ሥራ ከዳር እስከ ዳር በጥሞና አንብቤዋለሁ» ይላል። ሽበሺ ይህን ዓረፍተ ነገር በየመቅድሙ ስላገኘው እንደ ማኅተም ነው የሚያየው። ማኅተም አይነበብም፤ መኖሩ ይታያል።

የመጽሐፉ ስም «የአራስ ቤት ዘፈኖች በሀዋሳ ዙሪያ» ይላል። በቡሹሎና በቱላ የወለደች ሴት ስትጠየቅ እናቶች የሚዘፍኑትን ይተርካል። ሽበሺ እንደ ልማዱ በገጽ ቁጥር ሊሄድ ጀመረ። ግን ዓይን ዓይን ነው። የሁለተኛዋን እጥፍ የመጨረሻ መስመር ሳያስበው አነበበው፤ የሦስተኛዋን መጀመሪያም አነበበ። ሐሳቡ ተያያዘ። አራተኛዋም ተያያዘች። አምስተኛዋም።

ሽበሺ መርፌውን አስቀመጠ። የተያያዘ መጽሐፍ፣ ከዚህ ሰውዬ? በዚህ ቤት አራት መጽሔትና አንድ መማሪያ አሳትሟል፤ አንዱም ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ አልተሻገረም። ወንበር ስቦ ወደ መስኮቱ ተጠጋና ስድስተኛዋን እጥፍ መሃል ላይ ከፈታት። በቀኝ በኩል ገጽ ሰማንያ ዘጠኝ ነው።

«ወደ ቡሹሎ ስሄድ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ሄጄ ከበር መልሰውኛል። የአራስ ዘፈን ለወረቀት አይዘፈንም ብለውኝ ነበር። በአራተኛው ሆዴን አዩና ወንበር አወጡልኝ።»

ሽበሺ ይህን ያውቀዋል። ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው።

ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ሩሀማ የምትባል ተማሪ የማስተርስ ጽሑፏን ልታስጠርዝ መጣች። ማስረከቢያው ያው ዕለት ነበር። እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ ሆዷ ደርሷል። ወንበር ስላልነበረ የወረቀት ጥቅል ላይ አስቀመጣት። አምስቱን ቅጂ እስኪሰፋ ሦስት ሰዓት ፈጀ። ዝም ብላ ከተቀመጠች ሕመሙ እንደሚበረታባት ነግራው፣ ጮክ ብላ ታነብለት ጀመር። የቡሹሎዋ አሮጊት ሆዷን ዳብሰው የተናገሩት ጋ ስትደርስ ሽበሺ ሳቀ። ሙሉጌታ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ ብሎ ማን እንደሳቀ አየ። በዚያ ቤት ሽበሺ ሲስቅ ተሰምቶ አያውቅም ነበርና።

ልጅቷ ስትሄድ «ወደፊት መጽሐፍ አደርገዋለሁ፣ ጋሼ። ያን ጊዜም እርስዎ ነዎት የሚጠርዙልኝ» ብላዋለች። ከዓመት በኋላ መንገድ ላይ አግኝቶ ሲጠይቃት ግን «አማካሪዬ ለኅትመት አይበቃም አሉኝ» አለችው። አማካሪዋ ማን እንደሆነ ያኔ አልጠየቃትም። አሁን መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ስሙ ከፊቱ ባለው ሽፋን ላይ በወርቅማ ቀለም ተጽፏል።

ሽበሺ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበው። በኮምፒውተር «ጥናታዊ ጽሑፍ» የሚለው ቃል ሁሉ «መጽሐፍ» ተብሏል። ምስጋናው ወጥቷል። ሌላው እንዳለ ነው። ሰውዬው ሲሰርቅ እንኳ አላነበበም። ጎተራ የሚገለብጥ ሌባ ጤፉን ከገብሱ ይለያል፤ ይህ ጎተራውን እንዳለ ተሸክሞ ሄዷል፣ ውስጡ ያለችውን ድመት ጭምር።

ዶክተር ዮፍታሄ በሦስተኛው ቀን ሥራው የት እንደደረሰ ሊያይ መጣ።

«ዶክተር፣ ገጽ ሰማንያ ዘጠኝን አይተዋታል?» አለው ሽበሺ።

«ምን ሆነች? ቀለም ፈሰሰባት?»

«ቀለሙ ደህና ነው። ቃሉን ነው የምልዎት።»

«ቃሉን ለእኔ ይተዉት፣ ጋሼ።»

«አንድ ጊዜ ቢያነቧት።»

«ሁለት ዶክተሮች የገመገሙትን?» ሳቀ። «ክፍለ ጊዜ አለብኝ።»

«ሩሀማ የምትባል ተማሪ ነበረችዎት?»

ዶክተሩ ስልኩን እያየ ነበር። ጣቱ ስልኩ ላይ ለቅጽበት ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«በየዓመቱ ሠላሳ ተማሪ አማክራለሁ። የየትኛዋን ስም ላስታውስ? ደግሞ አንተ ምን አገባህ? አንተ ኮላህን ቀባ!»

ሽበሺ ይህን ሰው ካወቀው ጀምሮ አንድ ነገር ተመልክቷል። ሲቸኩል አንቱ ይላል፣ ሲቆጣ አንተ ይላል። ሌላ አክብሮት የለውም።

ሲሄድ ሙሉጌታ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መጣ።

«ጋሽ ሽበሺ፣ በእናትዎ። የኮሌጁ ሥራ ሁሉ የሚመጣልን በእሱ በኩል ነው።»

«ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ።»

«አያንብቡ፤ ይጥረዙ ብቻ።»

«ሳላነብ የምጠርዝ ከሆነ ከእሱ በምን እለያለሁ?»

ሙሉጌታ ራሱን ነቅንቆ ወደ ማሽኑ ሄደ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከደንበኛ ፊት ወገቡ የሚለሰልስ ሰው ነው።

በማግሥቱ ሽበሺ በባጃጅ ወደ ቱላ ሄደ። ሩሀማ እዚያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። የሰባት ዓመት ልጇ ታቢታም እዚያው ትማራለች፤ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቋል። ልጅቷ ከእናቷ ጋር በአማርኛ፣ ከጓደኞቿ ጋር በሲዳሙ አፎ እየተንጫጫች ግቢውን ትዞራለች።

ሽበሺ በጋዜጣ የጠቀለላትን ስድስተኛዋን እጥፍ ሰጣት። ሩሀማ ቆማ አነበበች። ሁለት ገጽ ስታነብ ተቀመጠች።

«ይህ የኔ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለኅትመት አይበቃም ብሎኝ ነበር እኮ! ከንፈሩን እንዲህ አድርጎ… 'ወሬ ይበዛዋል፣ ሳይንስ ይጎድለዋል' ብሎኛል። እኔም አምኜ ሣጥን ውስጥ ቆልፌዋለሁ።» እጥፏን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። «ሰባት ዓመት፣ ጋሼ። መጻፍ አልችልም ብዬ ሰባት ዓመት።»

«ቅዳሜ ያስመርቀዋል። ኮሚቴው ካጸደቀለት ወዲያ ያንቺ መሆኑን የሚሰማሽ የለም።»

«አሁንስ ማን ይሰማኛል? እሱ ዶክተር ነው። እኔ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ።»

«አንቺ ተናገሪ አላልኩሽም። መጥተሽ ከኋላ ተቀመጪ። ልጅቷንም አምጫት።»

«ታቢታን? ምን ልታደርግ?»

«ቦምቦሊኖ ይኖራል» አለ ሽበሺ።

ሩሀማ አየችው። ሽበሺ ቀልደኛ ስላልሆነ ቀልድ መሆኑን እርግጠኛ መሆን አልቻለችም።

የመጽሐፍ ምረቃ የራሱ ደንብ አለው። ለክብር እንግዳው በቆዳ የተለበጠ አንድ ልዩ ቅጂ ይሰፋል። እንግዳው መድረክ ላይ ወጥቶ ከቅጂው አንድ ሁለት ገጽ ያነባል፤ መጽሐፉም ተመረቀ ይባላል። ገጹን እንግዳው አይመርጠውም፤ መጽሐፉን አይቶት አያውቅማ። ቀዩ ሪባን ያለበትን ይከፍታል። ሪባኑን የሚያስገባው ጠራዡ ነው። ጽሑፉን የሚያውቅ ደራሲ ግን ጠራዡ አጠገብ ቆሞ፣ ልጁን እንደሚድር አባት እየተጨነቀ፣ «እዚህ ጋ… አይ፣ እዚህ ጋ» ሲል ሽበሺ አይቷል። አንዱ አራት ጊዜ አስቀይሮታል። ሽበሺ በዚያ ሰው አልተናደደበትም።

ዓርብ ዕለት ዶክተር ዮፍታሄ ቅጂውን ሊወስድ መጣ። ሽበሺ ሪባኑን በጣቱ ይዞ ጠበቀው።

«የት ላድርገው?»

«ምኑን?»

«ሪባኑን። ፕሮፌሰሩ የሚያነቡትን ገጽ።»

ዶክተሩ ከውጭ ታክሲ አቁሟል። «የትም ያድርጉት» አለ። «ሁሉም ያው ነው።»

ሽበሺ ትንሽ ቆየ። እንደገና እንዲያስብ ጊዜ ሰጠው። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።

ሽበሺ መጽሐፉን መሃል ለመሃል ከፈተው። በክር የተሰፋ መጽሐፍ እጥፉ መሃል ላይ ራሱ ይከፈታል፤ ተመልሶም አይዘጋም። ሪባኑን ገጽ ሰማንያ ስምንትና ሰማንያ ዘጠኝ መካከል አሳረፈው፤ ዘግቶ ሰጠው።

አዳራሹ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ውስጥ ነው። ፊት ረድፍ መምህራን ተቀምጠዋል። መሃሉን የሞሉት «ስም ይጠራል» ተብለው የመጡ ተማሪዎች ናቸው። ሁሉም አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቷል። ከኋላ ሽበሺ ኮቱን ቆልፎ፣ አጠገቡ ሩሀማ ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ፣ በመካከላቸው ታቢታ። ልጅቷ ሁለተኛ ቦምቦሊኖዋን ይዛለች።

ንግግር ተደረገ። አንዱ ተነሥቶ የአፍሪካ ዕውቀት በአፍሪካውያን መጻፍ አለበት አለ። ሌላው ተነሥቶ ያንኑ ደገመው። ሦስተኛው የተናገሩትን አመሰገነ። አንዳቸውም ከመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ቃል አላነሡም። ሽበሺ ቆጥሯል፤ «ወቅታዊ» አሥራ አንድ ጊዜ ተብሏል።

ከዚያ የክብር እንግዳው ፕሮፌሰር በላይነህ ወጣ። ወፍራም፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነው። ሪባኑን ሳብ አድርጎ መጽሐፉን ከፈተ። መጽሐፉ እሺ ብሎ ተከፈተለት።

«ወደ ቡሹሎ ስሄድ» አለ ፕሮፌሰሩ፣ «የሰባት ወር… ነፍሰ ጡር ነበርኩ።»

ቆም አለ። ያቆመው ለማሰብ አይደለም፤ ድምፁ አዳራሹን እስኪሞላ ነው። ቀጠለ። ከበር መመለሱን፣ ወንበር መውጣቱን አነበበ። አሮጊቷ እጃቸውን ሆዱ ላይ አሳርፈው «ሴት ናት» ማለታቸውን አነበበ። ፊት ረድፍ ያሉት ዓይናቸውን ከደን አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ገጹ ሲያልቅ አጨበጨቡ። ሽበሺ ጭብጨባውን ሰምቶ ጥርሱን ነከሰ። ይህን አልጠበቀም። ለእነሱ ያለው ንቀት እንኳ እዚህ ድረስ አልደረሰም ነበር።

ጭብጨባው ጋብ ሲል፣ ከግድግዳው አጠገብ ሻይ የምታድለው ሀያት ትሪዋን እንደያዘች ጓደኛዋን ጠየቀቻት። በቀስታ የጠየቀች መስሏት ነበር።

«ውይ! እኝህ ዶክተር አርግዘው ያውቃሉ እንዴ?»

መጀመሪያ አንድ ተማሪ ከስልኩ ቀና አለ። ከዚያ ረድፉ ሁሉ። ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ እንደ ውኃ ወደ ፊት ሄደ። መምህራኑ ዓይናቸውን ገለጡ።

ዶክተር ዮፍታሄ ተነሣ። ከመጽሐፎቹ አንዱን አንሥቶ ቦታውን ሊፈልግ ያገላብጥ ጀመር። ፊት ሄደ፣ ኋላ መጣ፣ አጣው። ሽበሺ ሰውየው የራሱን መጽሐፍ ገጽ ሲገልጥ ያየው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በመጨረሻ ማይኩን ያዘ።

«ይህ… ይህ የአጻጻፍ ስልት ነው። ተመራማሪ ከሚያጠናው ማኅበረሰብ ጋር ሲዋሐድ ስሜታቸውን ይጋራል። ተምሳሌታዊ እርግዝና እንለዋለን።»

ፊት ረድፍ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛውም ነቀነቀ። ሦስተኛው ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈው።

«በጣም ግሩም!» አለ መድረክ መሪው። «ፕሮፌሰር፣ እባክዎ ይቀጥሉልን።»

ሩሀማ የነጠላዋን ጫፍ ጠምዝዛ ይዛለች። «እንሂድ፣ ጋሼ» አለች። «አላልኩዎትም?»

«ታሪኩ አላለቀም» አለ ሽበሺ።

ፕሮፌሰሩ ቅጠሉን ገለበጠ። አሁን ጠንቀቅ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ግን ያነበበው ሁሉ ስለሚያምርለት ጥንቃቄውን ቶሎ ረሳው።

«አሮጊቷ እጃቸውን ሳያነሡ 'ስሟን አውጥቼላታለሁ። አሁኑኑ ጥሪያት፣ ትሰማሻለች' አሉኝ። እኔም ወደ ሆዴ ጎንበስ ብዬ ጠራኋት።» እዚህ ላይ ቃለ አጋኖ አለ። ፕሮፌሰር በላይነህ ቃለ አጋኖ ሲያይ ድምፁን የሚያነሣ አንባቢ ነው። «ታቢታ!»

«አቤት!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ታቢታ ቆማለች። ትምህርት ቤት ስሟ ሲጠራ እንደምታደርገው እጇን አንሥታለች፤ በሌላው እጇ ቦምቦሊኖ አለ። ሁለት መቶ ሰው ዞሮ አያት። ማን እንደጠራት ስላልገባት ሰውዬው እንደገና እንዲጠራት ትጠብቃለች።

የሳቀ የለም። ፕሮፌሰሩ ልጅቷን አየ፣ ገጹን አየ፣ ልጅቷን አየ።

ሩሀማ ተነሣች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሰው ድምፅ ነው።

«ልጄን ነው የጠሩት» አለች። «እዚያ ገጽ ላይ ሆዴ ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ጽሑፉ የኔ ነው። አማካሪዬ ዶክተር ዮፍታሄ ነበሩ።»

«ጥያቄና አስተያየት ከሻይ በኋላ ነው» አለ መድረክ መሪው።

«ጥያቄ የለኝም» አለች ሩሀማ።

ዶክተር ዮፍታሄ ማይኩን እንደያዘ ቀርቷል። ማይኩ ትንፋሹን ያሰማ ነበር። ፕሮፌሰር በላይነህ መጽሐፉን ወደ መጀመሪያው ገለጠ። የራሱን መቅድም አገኘ። ከመሃል አንድ ተማሪ በእጁ ካለው ቅጂ ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ይህን ሥራ ከዳር እስከ ዳር በጥሞና አንብቤዋለሁ።» ፕሮፌሰሩ መጽሐፉን ዘጋ። ሪባኑን እንኳ ወደ ውስጥ አላስገባውም፤ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሽበሺ ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። ደስ አላለውም። ለመደሰት ተሸናፊው ሰው መሆን ነበረበት።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ዮፍታሄ ልዩውን ቅጂ በብብቱ ይዞ መጣ። በር ላይ ቆሞ ውስጥ ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን አየ። ሙሉጌታ ብቻ ነበር፤ እሱም የሚሠራ ይመስል አጎነበሰ።

«ጋሼ፣ ደህና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። የቴክኒክ ስህተት ናት። ኮሚቴው መጽሐፉን አይቶ ይወስናል። ያቺን ቅጠል ቢቆርጡልኝ፣ ሰማንያ ዘጠኝና ዘጠናን። ከሁሉም ቅጂ።»

ሽበሺ መጽሐፉን ተቀብሎ ከፈተው። መሃል ላይ ክሩ ይታያል።

«አይቆረጥም» አለ።

«ለምን? ቅጠል አይደለች?»

«የተሰፋ ነው። ይህች ቅጠል ከዚህኛዋ ጋር አንድ ወረቀት ናት።» በግራ ያለችውን ነካ አደረጋት። «ክሩ በመካከላቸው ነው ያለፈው። አንዷን ከቆረጥኩ ሁለተኛዋ ትወድቃለች። በክር ይሁን ያሉት እርስዎ ነዎት።»

«ትውደቅ! ሁለቱንም አውጣቸው!»

«ሁለተኛዋ ላይ ምን አለ?»

ዶክተሩ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

«ሰማንያ ሰባትና ሰማንያ ስምንት ላይ ምን እንዳለ ይንገሩኝ። ይወድቅ ያሉትን ካወቁት እቆርጣለሁ። መቁረጫው ይኸው።»

ዶክተር ዮፍታሄ መጽሐፉን አየው። እጁን ዘርግቶ ማንበብ ይችል ነበር፤ ገጹ ተከፍቶ ፊቱ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሽበሺ ጠበቀ። ሙሉጌታም ከማሽኑ ጀርባ አጎንብሶ ጠበቀ።

ዶክተሩ የመታወቂያውን ማንጠልጠያ አስተካከለ። «ሌላ ማተሚያ ቤት ሞልቷል» ብሎ ወጣ። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ሄደ፤ ወይም ትቶት።

ሽበሺ መጽሐፉን ዘግቶ መደርደሪያ ላይ አኖረው።

ረቡዕ ሩሀማ ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጣች። ጠመኔው ከእጇ አልለቀቀም። በላስቲክ የያዘችውን ጠረጴዛው ላይ ፈታች። ሽበሺ ከሰባት ዓመት በፊት የጠረዘላት ሰማያዊ ጥራዝ ነው። ዝናብ ነክቶት ሽፋኑ አብጧል፣ ጠርዙ ሻግቷል። ሽበሺ አንሥቶ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ስፌቱ አልላላም።

«ኮሚቴው ጠራኝ» አለች። «ዓርብ ከነማስረጃሽ ቅረቢ አሉኝ። ቤተ መጻሕፍቱ የነበረው ቅጂ ጠፍቷል ይላሉ።»

«ይጠፋላ።»

«የቀረው ይኸ ብቻ ነው፣ ጋሼ። ዛሬ ኮፒ አደርገዋለሁ። አባላቱ አምስት ናቸው። አምስት ቅጂ ይጠርዙልኝ?»

«አምስት» አለ ሽበሺ። ክሩን እንዲጠነክር በሰም ላይ ጎተተው። «አምስት ሰው አያነበውም።»

«አውቃለሁ። ቢያንስ ይክፈቱት።»

ሽበሺ ከመሳቢያው የቀይ ሪባኑን ጥቅል አወጣ። በመቀስ አምስት ቁራጭ ቆረጠ፤ እያንዳንዱን እኩል፣ እያንዳንዱን ጫፉን አሹሎ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«የት ላድርገው?»

ሩሀማ ጥራዙን አልከፈተችም። እጇንም ወደ እሱ አልሰደደችም።

«በዚህኛው ሃምሳ አራት ላይ» አለች። «ከላይ ሦስተኛው መስመር። አሮጊቷ ወንበር ያወጡልኝ ጋ።»